ረቂቃን ዛጎሎችና መርማሪዎቻቸው

በባሕርና በሐይቅ ውኃ ውስጥ ከሚኖሩት ፍጥረታት መካከል በቁጥር እጅግ የበዙት በመጠን ግን ያነሱት፣ አካላቸው ከአንድ ሕዋስ የማያልፍ ሆኖ ሳለ ከኖራ ወይም ብርጭቆ ከሚመስል ሲሊካ ልዩ ልዩ ቅርጽ ያለው ዛጎል ለራሳቸው የሚሠሩት ደቂቃን፣ በሞቱ ጊዜ ዛጎላቸው ወደ ውኃው ወለል እየወረደ ከጭቃው ጋር ይከማቻል፤ ጭቃውም በዘመናት ብዛት ወደ ድንጋይ ሲለወጥ ዛጎሉ የዘመኑን የውኃ ጠባይ በራሱ ላይ ይዞ በድንጋዩ ውስጥ ተጠብቆ ይኖራል። እነዚህንና ከእነዚህ ጋር የሚቈጠሩትን የዕፀዋት ጽጌ ብናኝ፣ የጥንት ዓሣ መሰል እንስሳት ጥርስና የመሳሰለውን ሁሉ በአጉሊ መነጽር እየለየ የምድርን ዕድሜና የአየርን ጠባይ የሚመረምረው ጥበብ በአውሮፓውያን አጠራር ማይክሮፓሊዮንቶሎጂ ይባላል። የዚህን ጥበብ ታሪክ ከጥንቱ ጀምረን ስንከታተለው አንድ ነገር ደጋግሞ ይታየናል፤ ይኸውም በየዘመኑ የተነሡት መርማሪዎች በብዙ ነገር ሲሳሳቱ፣ የመረመሩትን ናሙና ግን ጠብቀው ለተከታዮቻቸው ስላቈዩ፣ ስሕተታቸው በገዛ ናሙናቸው ሊታረም መቻሉ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ስለ እነዚህ ዛጎሎች በጽሑፍ ከተላለፉልን ወሬዎች አንዱ ከግብጽ ፒራሚዶች ሥር የተነሣ ነው። የግሪኩ የመልክዐ ምድር ጸሓፊ ስትራቦን ከክርስቶስ ልደት ሃያ አምስት ዓመት ያህል አስቀድሞ ግብጽን በጐበኘ ጊዜ፣ በፒራሚዶቹ ግርጌ በተከመረው የድንጋይ ፍንካች መካከል በቅርጽም በመጠንም ምስር የሚመስሉ ጠጠሮችን አየ፤ ሰዎቹም ‹‹ይህ ፒራሚዱን ከሠሩት ሰዎች የተረፈ ምግብ ነው፤ በዘመን ብዛት ድንጋይ ሆነ›› ይሉ እንደ ነበር መዝግቦ፣ በተወለደበት በጳንጦስ አገርም ምስር መሰል ጠጠር የሞላበት ኮረብታ እንዳለ አስታወሰ። እነዚያ ጠጠሮች ከ40 ሚሊዮን ዓመት በፊት ግብጽን አልብሶት በነበረው ሙቅ ባሕር ውስጥ የኖሩ፣ ከባለ አንድ ሕዋሶቹ መካከል በዓይን እስኪታዩ ድረስ የገዘፉ፣ ዛሬ ኑሙላይት የሚባሉ ፍጥረታት ዛጎሎች ናቸው። ፈርዖኖች ለመቃብራቸው ያስጠረቡት ድንጋይ የሚበዛው ክፍል በእነርሱ የተሞላ ነው፤ ነገር ግን የስትራቦን ዘመን ሰው ይህን ሊያውቅበት የሚችል መሣሪያ አልነበረውም፤ ከእርሱም በኋላ አሥራ ስድስት መቶ ዓመት አለፈ።

መሣሪያው በተገኘ ጊዜ ነገሩ መገለጥ ጀመረ። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1665 ዓ.ም. ባሳተመው ማይክሮግራፊያ በተባለው መጽሐፉ፣ አሸዋ በአጉሊ መነጽር ሲመለከት ከቅንጣቶቹ መካከል ቀንድ አውጣ የሚመስል እጅግ ታናሽ ዛጎል እንዳገኘ ገልጦ ሥዕሉንም ጨመረ። በ1739 ዓ.ም. ደግሞ የሪሚኒው ሐኪም ጆቫኒ ቢያንኪ በአድሪያቲክ ባሕር ዳር ያለውን አሸዋ ለብዙ ጊዜ ሲመረምር ቈይቶ፣ እንደ ተራ አሸዋ በእግር የሚረገጠው ነገር ብዙው በጥበብ የተጠቀለሉ ዛጎሎች መሆናቸውን በላቲን ቋንቋ ጻፈ። እርሱም በኋላ የመጡትም ሊቃውንት ዛጎሎቹ እንደ በግ ቀንድ በመጠቅለላቸውና ውስጣቸውም በክፍል በክፍል በመለየቱ ምክንያት ኖቲለስ ከተባለው ባለ ብዙ ክንድ የባሕር እንስሳ ወገን አድርገው ቈጠሯቸው፤ ስዊድናዊው ሊኔዎስም በ1758 ዓ.ም. ፍጥረታትን በስማቸውና በወገናቸው ሲመድብ ይህንኑ ሐሳብ ተከተለ።

ጥበቡን ሥርዓት ያስያዘው ፈረንሳዊው አልሲድ ዶርቢኒ ነው። በ1802 ዓ.ም. የተወለደው ይህ ሰው አባቱ የመርከብ ሐኪምና የባሕር ፍጥረታት ወዳጅ ስለ ነበረ፣ ገና በልጅነቱ በአትላንቲክ ባሕር ዳር አሸዋ እየወሰደ በአጉሊ መነጽር መመልከት ለመደ፤ ዕድሜው ሃያ አራት ዓመት ሳይሞላም በ1826 ዓ.ም. ዛጎሎቹን በቅርጻቸውና በክፍሎቻቸው አቀማመጥ እየለየ የመደበበትን ሠንጠረዥ አወጣ፤ ፎራሚኒፌራ የተባለውም ስም እስከ ዛሬ ጸንቶ ቀረ። ዶርቢኒ በጽሑፍና በሥዕል ብቻ አልተወሰነም፤ በዓይን የማይታየውን ነገር ሌላው ሊቅ በእጁ ይዞ እንዲያገላብጠው በማሰብ፣ የአንድ መቶ ዓይነት ዛጎሎችን ምስል እጅግ አግዝፎ ቀርጾ በጄሶ እያስገለበጠ ለምሁራንና ለቤተ መዘክሮች ሸጠ። ወዲያውም ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄዶ ስምንት ዓመት ያህል በዚያ አህጉር ሲዘዋወር ቈየ።

ነገር ግን ዶርቢኒም የቀደሙትን ስሕተት ወርሶ ነበር፤ በእርሱም ሐሳብ እነዚህ ረቂቃን ክንድና ራስ ያላቸው ባለ ብዙ ክንድ እንስሳት ነበሩ። በ1835 ዓ.ም. የአገሩ ሰው ፌሊክስ ዱዣርዳን ሕያዋኑን ከባሕር አውጥቶ በውኃ ውስጥ እያኖረ በትዕግሥት ሲመለከት፣ ከዛጎሉ የሚወጣው ነገር ራስም ክንድም ሆድም የሌለው፣ እንደ ቀጭን ክር እየተዘረጋ የሚመለስ ዝልግልግ አካል ብቻ መሆኑን አረጋገጠ። ዶርቢኒም ለክብሩ ሳይሟገት በሚቀጥሉት ዓመታት ባወጣቸው መጻሕፍት የዱዣርዳንን ቃል ተቀበለ፤ ምደባውና ስሞቹ ግን በዛጎሎቹ ላይ የተመሠረቱ ስለ ነበሩ ስለ ሥጋው የነበረው ስሕተት አላፈረሳቸውም። በ1853 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር የጥንት ፍጥረታት ጥናት ወንበር በስሙ ተቋቋመለት፤ ከአራት ዓመት በኋላም ዐረፈ።

በዚያው ዘመን በበርሊን የነበረው ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ ለአገራችን ቅርብ ከሆነው ከቀይ ባሕር ጠረፍ ጋር የሚያገናኘው የሐዘን ታሪክ አለው። ኤረንበርግ ከወዳጁ ከቪልሄልም ሄምፕሪክ ጋር በ1820 ዓ.ም. ከፕሩስያ ተነሥቶ ግብጽን፣ ኑብያን፣ ሲናንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ ሲመረምር ቈይቶ በ1825 ዓ.ም. ምጽዋ ደረሰ፤ በዚያም ሄምፕሪክ በንዳድ ታምሞ ሞተ። ኤረንበርግ ብቻውን ወደ በርሊን ሲመለስ ከዕፀዋትና ከእንስሳት ጋር የየስፍራውን አፈርና ደለል ይዞ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከታላቁ ተጓዥ ከሁምቦልት ጋር እስከ ሳይቤርያ ድረስ ሄደ።

ኤረንበርግ ዝናው የገነነው በ1836 ዓ.ም. ነው። በቦሄምያ ቢሊን ከተባለ ስፍራ ብረትና መስተዋት ለመወልወል የሚያገለግል ለስላሳ ነጭ ድንጋይ ይወጣ ነበር፤ ኤረንበርግ ድንጋዩን ፈጭቶ በአጉሊ መነጽር ሲመለከተው መላው ድንጋይ ዲያቶም ከተባሉ የውኃ ረቂቃን የሲሊካ ቅርፊት የተሠራ ሆኖ አገኘው። በአንድ ኪዩቢክ ኢንች ድንጋይ ውስጥ አርባ አንድ ቢሊዮን ቅርፊት ይገኛል ብሎ በሒሳብ ባስታወቀ ጊዜ የአውሮፓ ምሁራን ተደነቁ። ቀጥሎም ጠመኔ የሚባለው ነጭ ድንጋይ ከፎራሚኒፌራ ዛጎል እንደ ተከማቸ አሳየ፤ በ1854 ዓ.ም. ደግሞ ማይክሮጌኦሎጊ በተባለው ታላቅ መጽሐፉ ከመላው ዓለም የሰበሰበውን ሁሉ በሥዕል አወጣው። ይህን ሊያደርግ የቻለው የጥበቡ ወዳጆች ከየአገሩ ናሙና እየላኩለት ነው፤ ከእነርሱም አንዱ ቻርልስ ዳርዊን ነበረ። ዳርዊን በቢግል መርከብ ሲጓዝ በኬፕ ቨርዴ ደሴቶች አጠገብ ከአፍሪካ በነፋስ ተወስዶ በመርከቡ ላይ የወደቀውን አቧራ ሰብስቦ ወደ በርሊን ላከለት፤ ኤረንበርግም በዚያ አቧራ ውስጥ 67 ዓይነት ረቂቃን ለይቶ መልስ ሰጠው።

ይህ ሰው ዓይኑ ስለታም የነበረውን ያህል በሐሳቡ ደግሞ ግትር ነበር። የሚያያቸው ረቂቃን ሁሉ እንደ ትልልቆቹ እንስሳት የተሟላ የሰውነት ክፍልና ብዙ ሆድ አላቸው ብሎ እስከ ዕለተ ሞቱ ተከራከረ፤ ዱዣርዳንም በዚህ ነገር ተቃወመው፤ እውነቱም ከዱዣርዳን ጋር ሆነ። በጠመኔው ውስጥ ክብ ክብ የሆኑ ከሁሉ ያነሱ ሰሌዳዎችን ሲያይም ሕይወት ከነበረው ነገር የወጡ ሳይሆኑ በራሳቸው የረጉ የማዕድን ቅንጣቶች ናቸው ብሎ ተዋቸው። ይሁን እንጂ ናሙናዎቹን ስምና ቦታቸውን ጽፎ በሥርዓት አስቀምጧቸው ስለ ነበረ፣ ወደ 40,000 የሚደርሱት የመስተዋት ዝግጅቶቹ እስከ ዛሬ በበርሊን የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ይገኛሉ፤ የእርሱን ትርጓሜ ያልተቀበሉት ሊቃውንት ልጆችና የልጅ ልጆችም ያንኑ መስተዋት በተሻለ መነጽር እያዩ አዲስ ነገር ጽፈዋል።

ከዚህ በኋላ ጥበቡን ከባሕር ዳር ወደ ጥልቁ ያወረደው የቴሌግራፍ ሥራ ነው። አውሮፓንና አሜሪካን የሚያገናኝ ሽቦ በአትላንቲክ ወለል ላይ ለመዘርጋት ታስቦ በ1857 ዓ.ም. ሳይክሎፕስ የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ የባሕሩን ጥልቀት ስትለካ ከወለሉ ያወጣችው ጭቃ በአልኮል ተጠብቆ ለእንግሊዛዊው የሥነ ፍጥረት ሊቅ ለቶማስ ሄንሪ ሀክስሊ ተሰጠ። ሀክስሊ በጭቃው ውስጥ ኤረንበርግ በጠመኔ ያያቸውን ክብ ሰሌዳዎች አግኝቶ ኮኮሊት ብሎ ሰየማቸው፤ ወዲያውም ዎሊክና ሶርቢ የተባሉት ሊቃውንት ሰሌዳዎቹ በአንድ ወገን የጐደጐዱ በመሆናቸውና በክብ ኳስ ላይ ተሰካክተው በመገኘታቸው ሕይወት ያለው ነገር እንደ ሠራቸው አስረዱ። በ1868 ዓ.ም. ሀክስሊ በኖርዊች ከተማ ለሠራተኞች ባደረገው ንግግር ከአንዲት የጠመኔ ቍራጭ ተነሥቶ የምድርን ታሪክ ሲተርክ፣ ጥበቡ ከሊቃውንት ጉባኤ ወጥቶ ወደ ተራው ሰው ጆሮ ደረሰ።

በዚያው ዓመት ግን ሀክስሊ ራሱ ተሳሳተ። ያንኑ የአሥራ አንድ ዓመት ጭቃ እንደ ገና ሲመረምር ዝልግልግ የሆነ ነገር አየበት፤ ይህም የባሕሩን ወለል ሁሉ የሸፈነ፣ የሕይወት ሁሉ መጀመሪያ የሆነ ፍጥረት ነው ብሎ ባቲቢዩስ የሚል ስም አወጣለት፤ በአውሮፓም ብዙዎች አመኑት። ነገሩን የፈታው ከ1872 እስከ 1876 ዓ.ም. የዓለምን ባሕሮች የዞረችው ቻሌንጀር መርከብ ላይ የነበረው የኬሚስትሪ ሊቅ ጆን ቡካናን ነው። ቡካናን በአዲስ ጭቃ ላይ ያንን ዝልግልግ ፈጽሞ ያጣዋል፤ አልኮል በባሕር ውኃ ላይ ሲጨመር ግን በውኃው ውስጥ ያለው የካልሲየም ሰልፌት ረግቶ ዝልግልግ ፍጥረት የሚመስል ነገር ሲሆን ያያል። ወሬው ለሀክስሊ በደብዳቤ በደረሰው ጊዜ ሀክስሊ በ1875 ዓ.ም. ስሕተቱን በይፋ አምኖ አሳተመ።

የቻሌንጀር ጉዞ ለዚህ ጥበብ ያበረከተው ነገር ብዙ ነው። መርከቧ ወደ 127,000 ኪሎ ሜትር ተጉዛ ከየስፍራው ያመጣችው ጭቃ በልዩ ልዩ አገር ላሉ ሊቃውንት ተከፋፈለ፤ ሄንሪ ቦውማን ብሬዲ በ1884 ዓ.ም. ስለ ፎራሚኒፌራ፣ ጀርመናዊው ኤርንስት ሄክል በ1887 ዓ.ም. ራዲዮላሪያ ስለሚባሉት ባለ ሲሊካ ዛጎል ረቂቃን የጻፉት እስከ ዛሬ ይገለጣል፤ ሄክል ብቻውን ከ3,500 የሚበልጡ አዳዲስ ዓይነቶችን ሰይሞ ገልጧል። ጆን መሪም በጉዞው ላይ በባሕሩ ፊት መረብ እየጐተተ ባደረገው ምርመራ፣ በጥልቁ ወለል የተከማቹት ዛጎሎች የብዙዎቹ ባለቤቶች የኖሩት ከላይ ብርሃን በሚደርስበት ውኃ እንደ ሆነ አስረዳ። ይህ ነገር በኋላ ታላቅ ፍሬ አፈራ፤ በውኃ ፊት የሚንሳፈፍ ፍጥረት ከባሕር ወደ ባሕር ስለሚሰራጭ በአንድ አህጉር የተገኘ ድንጋይ በሌላው አህጉር ካለው ጋር በዘመን እኩያ መሆኑ በእርሱ ይታወቃልና።

እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ይህ ሥራ ለአብዛኛው ሰው የሊቃውንት መዝናኛ ይመስል ነበር። ነገሩን የለወጠው ነዳጅ ዘይት ነው። ዘይት ፈላጊዎች ምድርን በሚሽከረከር መሰርሰሪያ መቈፈር ሲጀምሩ ትልልቆቹ ቅሪተ አካላት በመሰርሰሪያው ጥርስ ተፈጭተው ይጠፋሉ፤ ጥቃቅኖቹ ግን ከአሸዋ ቅንጣት ስለሚያንሱ ሳይሰበሩ ከጭቃው ጋር ይወጣሉ፤ ቈፋሪውም መሰርሰሪያው የትኛውን ንጣፍ እንደ ደረሰ ሊያውቅ የሚችለው በእነርሱ ነው።

ሥራው እንዴት እንደሚከናወን በቅርብ ማየት ይገባል። ከጕድጓዱ በልዩ ልዩ ጥልቀት የወጣው የድንጋይ ስባሪ እያንዳንዱ በየከረጢቱ ቍጥር ተጽፎበት ይመጣል፤ አንዳንዱ በውኃ ብቻ፣ የጠነከረው ደግሞ አስቀድሞ በነጭ ጋዝ ተዘፍዝፎ ከሟሟ በኋላ፣ የዓይኑ ስፋት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥራ ስድስተኛ በሚሆን ወንፊት ላይ ጭቃው እስኪጠራ ድረስ ይታጠባል። ወንፊቱ ላይ የቀረው ደርቆ ጥቍር በተቀባ ታናሽ ሳህን ላይ በስሱ ይበተናል፤ መርማሪዋም ዓይኗን ከመነጽሩ ሳታነሣ፣ ስንዴ ለቃሚ እንክርዳዱን ከፍሬው እንደምትለይ፣ ጫፉ በረጠበ ቀጭን ብሩሽ ዛጎሉን ከአሸዋው እየነጠለች ቍጥር በተጻፈባቸው አራት ማዕዘን ሰሌዳዎች ላይ በሙጫ ታጣብቀዋለች። ከዚያ በኋላ የትኛው ዓይነት በየትኛው ጥልቀት እንደ ታየና እንደ ጠፋ በመዝገብ ይጻፋል፤ የጐረቤቱ ጕድጓድ መዝገብም ከዚህ ጋር ሲተያይ ከምድር በታች ያለው ንጣፍ የት ዘቅዝቆ የት እንደ ተቈረጠ ይታወቃል።

‹‹መርማሪዋ›› ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በቴክሳስ ይህን ሥራ ያቋቋሙት ኤስተር ሪቻርድስ፣ አልቫ ኤሊሶርና ሄድቪግ ናይከር የተባሉ ሦስት ሴቶች ሲሆኑ፣ ሦስቱም ለልዩ ልዩ የዘይት ኩባንያዎች ይሠሩ ነበር። ኤስተር ሪቻርድስ በ1921 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ አምኸርስት በተደረገው የሥነ ምድር ሊቃውንት ጉባኤ ላይ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤን የዘይት ንጣፎች ዘመን በፎራሚኒፌራ መለየት እንደሚቻል ባስረዳች ጊዜ፣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው መምህር ጋሎዌይ ተነሥቶ ገና ከትምህርት ቤት የወጣች ልጅ ይህን ልታስተምረን መጣች በሚል መንፈስ እንደ ተሣለቀባት ይተረካል። ሦስቱ ሴቶች መልሱን የሰጡት በሥራ ነው፤ ኩባንያዎቻቸው በንግድ ባላንጣዎች ሆነው ሳሉ እነርሱ ግን መዝገባቸውን አስተያይተው በ1925 ዓ.ም. የቴክሳስንና የሉዊዚያናን የባሕር ዳር ሜዳ የከርሰ ምድር ንጣፎች በቅደም ተከተል የሚያሳይ ጽሑፍ በአንድነት አሳተሙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መርማሪ ያልቀጠረ ታላቅ የዘይት ኩባንያ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ፤ ጋሎዌይም ራሱ በ1933 ዓ.ም. ስለ ፎራሚኒፌራ የመማሪያ መጽሐፍ ጻፈ።

በዚሁ ጊዜ የመርማሪዎቹ ማኅበር መልክ ያዘ። የፎራሚኒፌራ መርማሪው ጆሴፍ ኩሽማን በ1923 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ሻሮን በተባለች መንደር በመኖሪያ ቤቱ አጠገብ የግል ቤተ ሙከራ ሠራ፤ ለዘይት ኩባንያ ሠርቶ ባገኘው ገንዘብ ቤተ ሙከራውን እያስተዳደረ ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡ ተማሪዎችን ያስተምር፣ ከ1925 ዓ.ም. ጀምሮም የራሱን መጽሔት ያሳትም ነበር። በ1926 ዓ.ም. የዘይት ሥራ መርማሪዎች የራሳቸውን የሙያ ማኅበር አቋቋሙ። በኒው ዮርክ ደግሞ ብሩክስ ኤሊስና አንጀሊና መሲና መንግሥት በችግር ዘመን ለሥራ አጦች በመደበው ገንዘብ ሠራተኞች ይዘው፣ በዓለም ላይ የተሰየመውን እያንዳንዱን የፎራሚኒፌራ ዓይነት ከመጀመሪያ መግለጫውና ከሥዕሉ ጋር በአንድ መዝገብ መሰብሰብ ጀመሩ፤ ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮም መውጣት የጀመረው ይህ መዝገብ በየቦታው ብቻውን የተቀመጠውን መርማሪ ከሌላው ጋር በአንድ ቋንቋ እንዲነጋገር አደረገው። ኩሽማን በ1949 ዓ.ም. ሲሞት ስብስቡ በኑዛዜው ወደ ዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዘክር ሄደ።

የዓለም ጦርነትና የመንግሥታት ጠብ ይህን ማኅበር ቢበትነውም አላጠፋውም። በቪየና የተማረው ማርቲን ግሌስነር በ1932 ዓ.ም. ለነዳጅ ምርመራ ሞስኮ ተጠርቶ የካውካስን ንጣፎች በተንሳፋፊ ፎራሚኒፌራ ሲለይ ቈየ፤ ከዚያም ወጥቶ እስከ ኒው ጊኒ ድረስ ከተሰደደ በኋላ በ1945 ዓ.ም. በአውስትራልያ የጥበቡን መሠረተ ሐሳብ የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። በ1953 ዓ.ም. ሱቦቲና በሶቪየት ኅብረት፣ በ1957 ዓ.ም. ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ቦሊ በትሪኒዳድ የዘይት ጕድጓዶች ላይ ተመሥርቶ፣ ተንሳፋፊዎቹን ዛጎሎች የዘመን መለኪያ የሚያደርጉ መጻሕፍት አወጡ፤ በፖለቲካ የማይገናኙት ሁለት ወገኖች በዛጎሎቹ ምስክርነት ተገናኙ።

ከ1955 ዓ.ም. በኋላ ዛጎሉ ከዘመን መለኪያነት አልፎ የሙቀት መዝገብ ሆነ። በቦሎኛ ተወልዶ በቺካጎ የሠራው ቼዛሬ ኤሚሊያኒ በዛጎሎቹ ኖራ ውስጥ ያሉትን ከባዱንና ቀላሉን ኦክስጅን እየመዘነ፣ የበረዶ ዘመናት በአውሮፓ ተራሮች ላይ ይቈጠሩ እንደ ነበረው አራት ብቻ ሳይሆኑ እጅግ የበዙ መሆናቸውን አስረዳ። ኤሚሊያኒ ልዩነቱን ሁሉ ከሞላ ጐደል ለውኃው ሙቀት ሰጥቶት ነበር፤ እንግሊዛዊው ኒኮላስ ሻክልተን ግን በ1967 ዓ.ም. የወለል ነዋሪዎቹን ዛጎሎች አስተያይቶ አብዛኛው ልዩነት በምድር ላይ የተከማቸውን በረዶ ብዛት እንደሚናገር አሳየ። በዚህም ጊዜ የኒው ዮርኩ ላሞንት ምርምር ተቋም መሪ ሞሪስ ዩዊንግ መርከቦቹ በየዕለቱ አንድ የደለል ዓምድ ከባሕር ወለል እንዲያወጡ ያስለመደው ልማድ ጥቅሙ ታወቀ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው የተቀመጡት ዓምዶች ለማንም ያልታሰበ ጥያቄ መልስ ሰጡ። በ1976 ዓ.ም. የራዲዮላሪያ ሊቅ ጄምስ ሄይስ፣ ጆን ኢምብሪና ሻክልተን በአንድነት ሆነው ከሕንድ ውቅያኖስ በወጡ ዓምዶች አማካይነት፣ የበረዶ ዘመናት መመላለስ ሰርቢያዊው ሚላንኮቪች አስቀድሞ በሒሳብ ከደረሰበት ከምድር ዑደት መለዋወጥ ጋር እንደሚሄድ አረጋገጡ።

በ1968 ዓ.ም. የውቅያኖስን ወለል መሰርሰር የጀመረችው ግሎማር ቻሌንጀርም በመጀመሪያው ዓመቷ ደቡብ አትላንቲክን ስታቋርጥ፣ በመርከቧ ላይ የነበሩት መርማሪዎች በየጕድጓዱ የባሕሩ ወለል መሠረት ከሆነው ጥቍር ድንጋይ በላይ የተነጠፈውን የመጀመሪያ ደለል ዘመን በዛጎሎቹ ለዩ፤ ከመካከለኛው የባሕር ውስጥ ተራራ በራቁ ቍጥር ዘመኑ እየጨመረ መሄዱን አገኙ፤ የባሕር ወለል ከመካከል እየተከፈለ የሚሰፋ መሆኑም በዚህ ተመሰከረ። በጣልያን ጉቢዮ ከተማ አጠገብ ባለው ገደል ደግሞ ኢዛቤላ ፕሬሞሊ ሲልቫና ሉተርባከር በ1964 ዓ.ም. እንደ ገለጡት፣ ከአንዲት የአንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቀጭን የሸክላ አፈር ንጣፍ በታች ትልልቅና ልዩ ልዩ የሆኑት ዛጎሎች በዝተው ሲታዩ፣ ከእርስዋ በላይ ግን ከጥቂት ደቃቆች በቀር ሁሉም ጠፍተዋል። የሥነ ምድር ሊቁ ዋልተር አልቫሬዝ ያን ሸክላ ወስዶ ከአባቱና ከባልደረቦቹ ጋር በ1980 ዓ.ም. በውስጡ ኢሪዲየም የተባለው ብርቅ ማዕድን በዝቶ እንደ ተገኘ ሲያስታውቅ፣ ዳይኖሰሮችን ያጠፋው ከሰማይ የወደቀ ታላቅ አለት ነው የሚለው ሐሳብ ከዚያች ንጣፍ ተወለደ።

ናሙናን የመጠበቅ ጥቅም ከሁሉ ይልቅ የታየው በኮኖዶንት ነገር ነው። ክርስቲያን ፓንደር በ1856 ዓ.ም. ከባልቲክ አገር ድንጋዮች ያገኛቸው ጥርስ መሰል ረቂቃን የማን እንደ ሆኑ ሳይታወቅ መርማሪዎች ከመቶ ዓመት በላይ ዘመን ሲለኩባቸው ኖሩ፤ አንዱ የዓሣ፣ ሌላው የትል፣ ሦስተኛው የተክል ነው ይል ነበር። በመጨረሻ በኤድንበርግ አጠገብ ከግራንተን ባሕር ዳር ቀደም ሲል ተሰብስቦ በመሳቢያ ውስጥ ተረስቶ በነበረ ድንጋይ ላይ ዩዋን ክላርክሰን የመላ እንስሳውን ምስል አየ፤ በ1983 ዓ.ም. ከብሪግስና ከኦልድሪጅ ጋር በጻፈው ጽሑፍ ጥርሶቹ የአንዲት ረጅም ቀጭን፣ ዓሣ መሰል እንስሳ መሆናቸው ታወቀ።

ይህ ጥበብ በአገራችንም በሐይቆቻችን ደለል ላይ ፍሬ አፍርቷል። ፈረንሳዊቷ ፍራንስዋዝ ጋስ በ1977 ዓ.ም. በአፋር የአቤን ሐይቅ የ70,000 ዓመት ታሪክ በዲያቶም ቅርፊቶች ተረከች፤ የአገሯ ሰው ሬሞንድ ቦንፊይ ደግሞ በ1983 ዓ.ም. ከጋደብ በተወሰደ ደለል ውስጥ ያገኘችውን የጽጌ ብናኝ በመቍጠር ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኢትዮጵያ ደጋ ቀዝቅዞና ደርቆ እንደ ነበረ አመለከተች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመርና ባልደረቦቹ በ2007 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ በባሌ ተራሮች በረዶው ከለቀቀ በኋላ የአስታውና የሌላው ዕፀዋት ሽፋን እንዴት እንደ ተለዋወጠ ከጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ደለል አነበቡ። በ2014 ዓ.ም. የዚያው ዩኒቨርሲቲ ሊቅ አስፋወሰን አሥራት ከውጭ አገር ባልደረቦቹ ጋር በጨው ባሕር ካስቈፈራቸው ጕድጓዶች ተገጣጥሞ 290 ሜትር ገደማ የሚሆን ዓምድ ወጣ፤ ወደ 620,000 ዓመት የሚደርስ ታሪክም በውስጡ ተገኘ። ዓምዱ ተከፍቶ የተመረመረው ግን በአሜሪካ በሚኔሶታ ነው፤ ይህን የመሰለ ናሙና በሥርዓት ለማኖር ልዩ ቤት ያስፈልጋልና።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በአገራችን የውኃ ጕድጓድ በሚቈፈርበት፣ መንገድ በሚቀደድበትና ግድብ በሚሠራበት ስፍራ ሁሉ ከምድር ሆድ የሚወጣው ስባሪ እንደ ቈሻሻ ተከምሮ በዝናም ሲታጠብ ታያለህ። ከየጕድጓዱ ጥቂት እፍኝ ወስዶ በከረጢት ማኖር ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን አንድ ደረቅ ክፍልና አንድ ትጉህ መዝገብ ያዥ ቢመድቡለት ገና ያልተወለደ ተማሪ በእኛ ዘመን ያልታሰበ ጥያቄ ይዞ ይመጣበታል። ሥራውን የምትይዘው ወጣት ሁሉ ግን ይህን አትርሳ፤ ቦታውና ጥልቀቱ ያልተጻፈበት ናሙና ምንም ቢጠበቅ ለማንም ምስክር ሊሆን አይችልም።